«የአደጋው ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ ምን ልጻፍ? (ኮምቦልቻ፣ ዱቄት ፋብሪካ)

የሌሊት ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ተቆጣጣሪ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ብታውቁትም አትጥሩት፣ እንጀራዬ ነው።

ከአሥር ቀን በፊት፣ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 ገደማ አንድ ረዳት ሠራተኛ ሁለት ጣቶቹን አጣ። የቀኝ እጁን ሌባ ጣትና መሃል ጣት። ዕድሜው 23 ነው፤ ከቃሉ ገጠር የመጣ፣ ሥራ ከጀመረ ሁለት ወሩ። ስንዴውን ከመቀበያው ጉድጓድ ወደ ኤሌቬተሩ፣ ማለትም እህሉን ወደ ላይ ወደሚያነሳው ማሽን፣ የሚገፋው ጠመዝማዛ ብረት፣ እኛ ስክሪው የምንለው፣ ታፍኖ ነበር። ልጁ የተጠመጠመበትን ክር ለማውጣት እጁን ባስገባበት ማሽኑ ተንቀሳቀሰ። እኔ ላይኛው ፎቅ ወንፊቶቹ ጋ ነበርኩ። ጩኸቱን ሰምቼ ስወርድ ልጁ ቆሞ እጁን ያያል፤ አያለቅስም።

በፎጣ ጠቅልለን በባለቤቱ ፒካፕ ወደ ደሴ ይዘነው ወጣን። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉሙ ወርዶ መንገዱ አይታይም፤ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ልጁ በዚያ ሁሉ መንገድ የጠየቀኝ ስለ ጣቱ አልነበረም። «ከሥራ ያስወጡኛል?» ነበር የሚለኝ።

አሁን ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ የአስተዳደር ኃላፊው፣ የመጋዘን ኃላፊውና እኔ። የተሰጠን ቅጽ አንድ ገጽ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀን፣ የተጎዳው አካል፤ ከዚያ «የአደጋው ምክንያት» ይልና አንዲት መስመር ትቶልናል። የአስተዳደር ኃላፊው ገና ሳንቀመጥ «የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ በእርሳስ ጽፎባታል። ፈርም እያለኝ ነው። ውሸት ነው ማለት አልችልም፤ ልጁ እጁን አስገብቷል። ነገር ግን መፈረም አቃተኝ። የአደጋን ሥረ ምክንያት በደንብ የመረመረ ሰው ካለ ከየት እንደምጀምር ይንገረኝ።

ሐረጎ ቁልቁለት፦

ወንድሜ፣ ነገሩን አታወሳስበው። እኔም ትንሽ ድርጅት አስተዳድራለሁ። ማሽን ውስጥ እጅ አይገባም፤ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፣ ሕፃንም ያውቀዋል። ሥልጠና ላይ ከመቶ አደጋ 88ቱ የሚመጣው ከሠራተኛው ድርጊት ነው ተብለናል። ልጁን በገንዘብም በጉልበትም እርዱት፤ ይህ ሰብዓዊነት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን እውነቱን ጻፉ፤ እውነቱ ደግሞ ተጽፏል። ባለቤቱን አስቀይመህ ምን ታተርፋለህ?

ጡረተኛው ከሰኞ ገበያ፦

ልጄ የሌሊት ፈረቃ፣ አብሽር። ለልጁም ምሕረቱን ያውርድለት። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ 26 ዓመት ማሽን ስጠግን ኖሬ አሁን ደሴ ቤቴ ቁጭ ያልኩ ሰው ነኝ። ጽሑፍህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስት ጊዜም አንድ ቃል ላይ ተደናቀፍኩ። «ማሽኑ ተንቀሳቀሰ» ብለሃል። ማን አንቀሳቀሰው? ሁለት ወር የሠራ ልጅ በሚዞር ብረት ውስጥ እጁን አይሰድም። ስለዚህ ሲያስገባ ቆሞ ነበር። እንግዲህ ያለህ ጥያቄ ሁለት ነው፤ እጁ ለምን ገባ፣ ብረቱስ ለምን ዞረ? ኮሚቴህ ሁለተኛውን ጭራሽ አልጠየቀም።

ለሐረጎ ቁልቁለት፦ ያ 88 የሚባለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ልንገርህ። ኸርበርት ሃይንሪክ የሚባል የአሜሪካ ኢንሹራንስ ሰው በ1931 በፈረንጆቹ ያወጣው ነው። ያጠናው 75 ሺህ የአደጋ መዝገብ ሲሆን 12 ሺህ ያህሉ ከኢንሹራንስ ፋይል፣ 63 ሺህ ያህሉ ደግሞ ከፋብሪካ ባለቤቶች መዝገብ የተወሰደ ነበር። መዝገቡን ማን ሞላው? እንደ እነዚህ ኮሚቴዎች ያሉ አለቆች ናቸው የሞሉት። አንዲት መስመር ተሰጥቷቸው «የጥንቃቄ ጉድለት» ብለው ጻፉ፣ እርሱ ደመረው፣ አንተ ደግሞ ዘጠና ዓመት ቆይተህ ለእኛ ታመጣልናለህ። እህሉን ራስህ ዘርተህ «ምድሪቱ ስንዴ ሰጠች» እንደማለት ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ጥጥ የምናበጥርበት ካርድ የሚባል ማሽን አለ። ትልቁ ከበሮው ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በራሱ ክብደት ለደቂቃዎች ይዞራል። አንድ ባልደረባችን ማጥፊያውን ተጭኖ፣ ክዳኑን ከፍቶ እጁን ሰደደ። ከበሮው በላው። «የጥንቃቄ ጉድለት» ተባለ፤ እኔም ፈርሜያለሁ፣ አልዋሽም። በአራተኛው ወር ሌላ ሰው፣ ያው ማሽን፣ ያው ክዳን። ሁለተኛው ሰው ደግሞ የፋብሪካው ጠንቃቃ የሚባለው ነበር፤ ቁጥብ፣ ሰጋጅ፣ ሻይ እንኳ ሳያቀዘቅዝ የማይጠጣ። ያኔ ነው የደነገጥነው። ስናየው ከበሮው ሳይቆም ክዳኑ እንዳይከፈት የሚይዘው መቆለፊያ ተነቅሎ መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ስፕሪንጉ ተሰብሮ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ «እስኪመጣ» ተብሎ ነው የተነቀለው። የነቀለው ማን ይመስልሃል? እኔው ነኝ።

ስለ ዘዴው ከጠየቅኸኝ፣ በካይዘን፣ በጃፓኖቹ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ፣ ሥልጠና «ለምን» ብለህ አምስት ጊዜ ጠይቅ ይሉን ነበር። ታይቺ ኦኖ የተባለ የቶዮታ ሰው የሚያነሳት ምሳሌ አለች። ማሽኑ ለምን ቆመ? ጭነት በዝቶበት ፊውዙ ተቃጥሎ። ጭነቱ ለምን በዛ? ኩሽኔታው በቂ ዘይት አላገኘም። ለምን? ፓምፑ በደንብ አልሳበም። ለምን? የፓምፑ ዘንግ ተበልቷል። ለምን? ማጣሪያ ስላልተገጠመለት የብረት ብናኝ ገብቶበታል። ፊውዝ ብቻ ቢቀይር ኖሮ በየሳምንቱ ሲቀይር ይኖር ነበር። ጥሩ ናት፤ እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። አምስቱን ለምን በአንድ መስመር ከነዳኸው መጀመሪያውኑ ልትደርስበት የፈለግኸው ቦታ ያደርስሃል። አደጋ ቅርንጫፍ አለው። በየቅርንጫፉ ውረድ።

ሌላው፣ በእኛ አነጋገር «ለምን አደረግህ?» ጥያቄ አይደለም፤ ክስ ነው። ሠራተኛውን እንዲህ ካልኸው መልሱ ወይ ዝምታ ነው ወይ «ጌታዬ ይቅርታ»። «እንዴት ነው የምትሠሩት? እስቲ አሳየኝ» በለው። ደግሞ ቀን ላይ አትሂድ። ሌሊት፣ በዚያችው ሰዓት፣ ቅጹን ቢሮ ትተህ፣ ባትሪና ማስታወሻ ይዘህ ሂድ። አይተህ ንገረን።

የፋይል ሰው፦

ወደ ማሽኑ አልገባም፣ አላውቅበትም። ስለ ወረቀቱ ግን ጥቂት ልበል፤ «የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለው ቃል የሚጎዳው ማንን እንደሆነ ብዙ ሰው አያስተውልም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 መሠረት ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የማይጠየቀው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው። ከዚህ የሚቆጠሩት አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ እና ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባት ናቸው። እንግዲህ ጠያቂው ኮሚቴውን ይጠይቅ፤ «ስክሪው ሲታፈን እንዲህ አድርጉ» የሚል የተጻፈ መመሪያ አለ? ልጁ ተሰጥቶታል? ከሌለ ምኑን ጣሰ?

አንቀጽ 92 ደግሞ አሠሪው አደጋውን እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ቅጹ በመሳቢያ የሚቀር አይደለም ማለት ነው። ሕክምናው በአሠሪው ወጪ ነው። ልጁ ከሥራ በቀረበት ጊዜም እስከ አንድ ዓመት ክፍያ ይቀጥላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሪዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ይህንን ለልጁ ንገሩት። «ያስወጡኛል?» ብሎ ሐረጎን የወጣው የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

የሌሊት ፈረቃ፦

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ሁለት ሌሊት ከስክሪው አጠገብ ኩርሲ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ዓመት በአጠገቡ አልፌያለሁ፤ ተቀምጬ ግን አላውቅም።

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር። የዚያን ሌሊት 9 ሰዓት ከ28 ላይ መብራት ጠፍቶ ነበር። ጄኔሬተራችን የሚሸከመው አምፖሎቹንና ቢሮውን ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ስክሪውን ማጽዳት እኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ልጁ ያመጣው አይደለም። መስመሩ እየሠራ አቁሙ ብትል ምርት ይቀራል፣ ሁሉም ይጮህብሃል፤ መብራት ሲሄድ ግን ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል፣ ያኔ ይጸዳል። ከ12 ደቂቃ በኋላ መብራቱ መጣ። ማሽኑን ማንም አላስነሳውም። ራሱ ተነሳ።

እንዲህ መሆን እንዳልነበረበት እኔም አውቃለሁ። ቀድሞ ሁለት ቁልፎች ነበሩት፤ አረንጓዴ ማስነሻና ቀይ ማቆሚያ። መብራት ጠፍቶ ቢመለስ አረንጓዴውን ካልተጫኑት አይነሳም። አሁን ቦታው ላይ ያለው እንደ ቤት ማብሪያ በእጅ የሚዞር ነው፤ አንዴ ካዞሩት እንደዞረ ይቀራል። መብራት ቢሄድም ቢመጣም እርሱ «ክፍት» ላይ ነው። ይህን ማብሪያ በየሌሊቱ አየዋለሁ። አይቼው አላውቅም ማለት ግን ይሻላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ ቅርንጫፉ በዛብኝ። እጁ የገባበት ቀዳዳ ላይ የብረት መረብ ነበረው፤ በአራት ብሎን የሚታሰር። መረቡ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ለብሶ አገኘሁት። ብሎኑን የሚፈታው 17 ቁጥር መፍቻ ያለው መሣሪያ ክፍል ነው፤ መሣሪያ ክፍሉ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይቆለፋል፤ ቁልፉን ኃላፊው ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስክሪው ደግሞ በሌሊት አምስትና ስድስት ጊዜ ይታፈናል። ምን ታደርጋለህ? መረቡን ትተወዋለህ።

ማውጫ የሚሆን ሜንጦ አልነበረም ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ «እስቲ አሳዩኝ» ነው ያልኩት፣ እንዳስተማሩኝ። አንደኛው ልጅ ሳቀ። ሜንጦው ውጭ መኪና አራጋፊዎቹ ጋ ነው፤ ጆንያ ይስቡበታል። ከበዓል በፊት ተዋሱት፣ አልመለሱትም።

ለምን በዚህ ልክ እንደሚታፈን ግን አልገባኝም። ዱሮ በሳምንት አንዴ ቢሆን ነበር። የሚወጣው ሁሉ የጆንያ መስፊያ ክር ነው፤ የሰው ክንድ የሚያህል ጥቅል አውጥተናል።

ጆንያ ቆጣሪ፦

የክሩን ነገር እኔ ልንገርህ ወንድሜ፤ እኔም ደሴ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ጆንያ ስቆጥርና ስፈታ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የጆንያ አፍ የሚሰፋበት ክር ሰንሰለት ነው። ትክክለኛውን ጫፍ አውቀህ ከሳብኸው ከዳር እስከ ዳር ተተርትሮ አንድ ረጅም ክር ሆኖ እጅህ ላይ ይቀራል፤ ጠቅልለህ ኪስህ ትከታለህ። በተሳሳተው ጫፍ ከሳብኸው ይቋጠርብሃል። የሚያውቅ ሰው ጆንያውን አዙሮ ያየውና ይስበዋል፣ የእጅ ጨዋታ ነው። የማያውቅ ሰው በቢላዋ ይቀደዋል፤ ክሩ ተቆራርጦ ከስንዴው ጋር ይወርዳል።

እስቲ ጠይቅ፤ ፈቺዎቹ ተቀይረው እንደሆነ፣ አከፋፈላቸውም በቀን ይሁን በጆንያ። በጆንያ ከሆነ ለማስተማር የሚቆም የለም፣ ለመማርም የሚቆም የለም። እኛ ዘንድ እንዲሁ ነበር የሆነው፤ ደግነቱ ማሽናችን ቆመ እንጂ ሰው አልተጎዳም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለውን የብረት ርብራብም እየው። ቶሎ እንዲወርድ ብለው አንድ ሁለቱን ብረት ቆርጠውት ይሆናል።

የምርት ጉርሻ አላችሁ? እሱንም አትርሳው። እኛ ጉርሻ በነበረን ወር ማንም ማሽን አያስቆምም ነበር።

ሐረጎ ቁልቁለት፦

እሺ፣ ማብሪያውን በተመለከተ አልተከራከርኩም፤ እሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጥፋት ነው። እንግዲያው እርሱን ጻፉት። ግን በዚህ አካሄድ ክሩም ጥፋተኛ፣ ጆንያውም ጥፋተኛ፣ ሜንጦውም ጥፋተኛ ከሆነ መጨረሻው የት ነው? አዳም በለስ ስለበላ ነው እስክትሉ ልንቆይ ነው?

ጡረተኛው ከሰኞ ገበያ፦

ሐረጎ ጥሩ ጥያቄ ጠይቀሃል፤ ቀልደህም ቢሆን። መጨረሻው እጅህ የሚደርስበት ቦታ ነው። ሰኞ ጠዋት ተነስቶ አንድ ሰው ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ላይ ስትደርስ ትቆማለህ። አዳምን ማስተካከል አትችልም፤ ሜንጦ መግዛት ግን ትችላለህ። «ጥንቃቄ» ላይ ማቆም የማይጠቅመውም ለዚህ ነው። ሰኞ ጠዋት ጥንቃቄን ምን አድርገህ ትጠግነዋለህ? በምን ቁጥር መፍቻ?

የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ላይ አትቁሙ። ሰው ቀየራችሁ እንጂ ምክንያት አላገኛችሁም። ጄምስ ሪዝን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ምሁር አደጋን ቀዳዳ ባላቸው የተደረደሩ የአይብ ቁራጮች መስሎታል፤ ቀዳዳዎቹ በአንድ መስመር ሲገጥሙ አደጋው ያልፋል ይላል። የእኛ አይብ ቀዳዳ የለውም እንጂ! እናንተ ግን ላይኛው ፎቅ ወንፊት ደርድራችሁ የምትውሉ ሰዎች ናችሁ፤ ይገባችኋል። ማብሪያው አንድ ወንፊት፣ መረቡ አንድ፣ ሜንጦው አንድ፣ ክሩ አንድ። አንዱ ደህና ቢሆን ኖሮ አደጋው ወንፊቱ ላይ በቀረ ነበር።

አሁን የሌሊት ፈረቃ፣ ከማሽኑ ተነስተህ ወደ ወረቀት ሂድ። አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው ነገር በገዛ ፈቃዱ ወደ ማዞሪያ አይለወጥም። አንድ ነገር ተቃጥሎ ነው፤ እኔን ብትጠይቀኝ የኮንታክተሩ፣ ማለትም ቁልፉ ሲጫን ሞተሩን ከኤሌክትሪክ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ፣ የሽቦ ጥቅል ነው፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል መጀመሪያ የሚቃጠለው እርሱ ነው። ሲቃጠል ደግሞ ግዥ ተጠይቆበታል። የመጋዘን ኃላፊው ኮሚቴው ውስጥ አለ አላልክም? መዝገቡን አውጣ በለው፤ በትሕትና። የፈረቃ መዝገቡንም አብረህ አገላብጥ።

የሌሊት ፈረቃ፦

ሳልመለስ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ይቅርታ።

ጋሼ እንደገመቱት ነው። የኮንታክተሩ ጥቅል የተቃጠለው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። የግዥ ጥያቄው ቅጂ መጋዘን ውስጥ ተገኝቷል። ጀርባው ላይ «ከአዲስ አበባ ከሌላ ዕቃ ጋር እስኪመጣ ይቆይ» የሚል በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። የመጋዘን ኃላፊው ራሱ ነው አውጥቶ የሰጠኝ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ጽሑፉ የእርሱ ነውና። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ማዞሪያውን የገጠመው «ለሁለት ቀን» ብሎ ነበር። ሁለቱ ቀን ሦስት ወር ሆነ። እርሱም በመሃል ውሉ አልቆ ሄደ፤ ለተተኪው የነገረ የለም።

ጆንያ ቆጣሪ እህቴ፣ ፈቺዎቹ በጥቅምት ተቀይረዋል። አከፋፈሉም ከቀን ወደ ጆንያ ተለውጧል። ርብራቡ ላይ ሦስት ብረት ተቆርጧል። አንቺ ቦታውን ያየሽው ነው የመሰለኝ። ጉርሻም አለን፤ በፈረቃ ከ280 ኩንታል በላይ ከፈጨን። የዚያን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የት እንደደረስን መዝገቡን አየሁ፤ 241 ነበርን። ለሁሉም ሰው «ፍጠኑ፣ ይሞላል» ስል እንደነበር አስታውሳለሁ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ነው የዘገየሁት። የፈረቃ መዝገቡን ሳገላብጥ ኅዳር 22 ላይ «የስክሪው መረብ ለጊዜው ተነስቷል» የሚል አገኘሁ። ጽሑፉ የእኔ ነው። ፊርማው የእኔ ነው። ምንም አላስታውሰውም። መዝገቡን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት፤ ያው ነው። ሌላ ሰው አግኝቼ ልወቅስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስቆፍር የነበርኩት ራሴ ቤት ደጃፍ ነው።

ቅጹ ላይ ያለችውን መስመር «አባሪ ይመልከቱ» ብዬ ዘጋኋት። አባሪው አምስት ገጽ ሆነ። በእርሳስ የተጻፈውን በላጲስ አጠፋሁ። ከሰው ስም የጻፍኩት አንድ ብቻ ነው፤ የራሴን። የአስተዳደር ኃላፊው «አብደሃል?» አለኝ። የፋይል ሰው ያሉትን ጠየቅሁት፤ የተጻፈ መመሪያ አሳየኝ አልኩት። ግድግዳ ላይ «ጥንቃቄ ለሕይወት!» የሚል ወረቀት አለን። ሌላ የለም። በመጨረሻ ፈረመ፤ የመጋዘኑ ኃላፊም ፈረመ። አንድ ቅጂ ወደሚመለከተው ተቆጣጣሪ ተልኳል።

ባለቤቱ ዘንድ ስንገባ አምስቱን ገጽ እስከ መጨረሻ አነበበው፤ ይህን አልጠበቅሁም። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ «ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?» አለ። እኔም «ማብሪያውን እንግዛና ከዚያ እንፈልገዋለን» አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ጥቅሉ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ዋጋው የልጁን የአንድ ወር ደመወዝ አይሞላም። መረቡ ተመልሷል፤ 17 ቁጥር መፍቻ በሰንሰለት ታስሮ አጠገቡ ተሰቅሏል። ሁለት ሜንጦ ተገዝቷል፤ አንዱ ቀይ ተቀብቶ የእኛ ነው። ርብራቡ ተበየደ። ከድሮዎቹ ፈቺዎች አንዷ ተመልሳ ሁለት ቀን ስታስተምር ቆየች፤ ክሩን ስትስበው ልጆቹ አጨበጨቡ። ጉርሻው ግን እንዳለ ነው። «እርሱን አትንኩብኝ» ብሏል።

ልጁ ቁስሉ ደርቋል። ቅዳሜ ቤቱ ሄጄ ነበር፤ እናቱ ቡና አፍልታ እስከ በረካ አስቀመጠችኝ። ክፍያው እንደሚቀጥል አስረድቻቸዋለሁ። መረቡን ያነሳሁት እኔ መሆኔንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እኔ እኮ መረብ እንደነበረው አላውቅም» አለኝ። ሲመለስ ሚዛን ላይ ይመደባል ተብሏል። ግራ እጁን ለመጻፍ እያለማመደ ነው፤ ስሙን ጽፎ አሳይቶኛል።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። አዲሱ ቁልፍ ከተገጠመ ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር አንድ ሰው ተመልሶ መጥቶ አረንጓዴውን መጫን አለበት። ልጆቹ ያጉረመርማሉ፤ ጊዜ በላን ይላሉ። ትናንት ሌሊት ስዞር አረንጓዴው ቁልፍ እንደተጫነ በክብሪት እንጨት ተሸጉጦ አገኘሁት። መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ። እንጨቱን አውጥቼ ኪሴ ከትቻለሁ፤ አሁንም አብሮኝ አለ። ማን እንደሸጎጠው አውቃለሁ፤ ከሁሉም ጎበዙ ልጅ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ማታ ፈረቃው ከእኔ ጋር ነው፤ «እስቲ አሳየኝ» ብዬ ልጀምር ወይስ ሌላ አገባብ አለው?

ጡረተኛው ከሰኞ ገበያ፦

እንጨቱን አታሳየው፤ ያፍራል፣ ካፈረ አይነግርህም። መብራት ሲመጣ ከቆመበት እስከ ቁልፉ ስንት እርምጃ እንደሆነ አብራችሁ ቁጠሩ። ቁልፉ ከቦታው ተነስቶ ሊቀርብላቸው የሚገባው ይመስለኛል።